ቢያጠብቁትም የሚያንጠባጥብ የቧንቧ መጋጠሚያ፦ ከየት እንደሚያፈስ መለየት፣ ፈትቶ ማሰር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሃና ማርያም አካባቢ በግቢ ቤት ይኖራሉ። ከቆጣሪው ተነስቶ ወደ ሮቶው የሚወጣው የ3/4 ኢንች የብረት ቧንቧ፣ ጌት ቫልቩን (መዝጊያውን) እንዳለፈ ኤልቦው (የማዕዘን መጋጠሚያው) ላይ ያንጠባጥባል። ሠፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ጠብ አይልም፤ ሌሊት ውሃው ሲመጣ ግን እየፈሰሰ ያድራል። በቧንቧ መፍቻ አጥብቀውታል፣ ከላዩ ቴፍሎን ጠቅልለውበታል፣ በመጨረሻም በካላማዳሪያ አስረውታል። አሁን ደግሞ ከኤልቦው ሌላ በቫልቩ በኩልም ማዣት ጀምሯል። «ባለሙያ ሳልጠራ ራሴ ልጨርሰው እችላለሁ ወይ?» ይላሉ።

ይችላሉ፤ ከላይ በመደረብ ወይም ይበልጥ በማጥበቅ ግን አይሆንም። የሚያፈስ የጥርስ (እየዞረ የሚገባ) መጋጠሚያ መድኃኒቱ ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ እንደገና መታሰር ብቻ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀውም በማሰሩ ላይ ሳይሆን በመፍታቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ውሃውን የሚይዘው የጥርሱ መጥበቅ ይመስለዋል። የጥርስ ሥራ ሁለቱን ብረት አንድ ላይ መያዝ ነው። ወንዴው (በውጭ በኩል ያለው) እና ሴቴው (በውስጥ በኩል ያለው) ጥርስ የቱንም ያህል ቢነካከሱ በአንዱ ጥርስ ጫፍና በሌላው ሥር መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ይህች ክፍተት እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረች ከውስጥ እስከ ውጭ ትዘልቃለች፤ ውሃው የሚወጣው በእሷ ነው። ቴፍሎንም ቃጫም የሚገባው እሷን ለመድፈን ነው። ከውጭ የተጠቀለለ ቴፍሎን ወደዚያች ክፍተት ስለማይደርስ ምንም አይሠራም። የተቀባ ሲሊኮን ወይም ሙጫ ደግሞ እርጥብ ብረት ላይ አይዝም፤ ቢይዝም ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ያስለቅቀዋል።

በቫልቩ በኩል አዲስ ማዣት የጀመረውም በአጋጣሚ አይደለም። ቫልቩንና ኤልቦውን የሚያገናኘው ኒፕል (አጭር ባለ ጥርስ ቧንቧ) ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱም ጫፍ ጥርሱ ቀኝ ዙር ነው። በአንዱ በኩል እንዲጠብቅ ሲዞር በሌላው በኩል ይላላል። ኤልቦውን ከነቧንቧው ማዞር ስለማይቻል መፍቻው ያዞረው ኒፕሉን መሆን አለበት፤ ስለዚህ ኤልቦው ላይ ሩብ ዙር ሲገባ ከቫልቩ ሩብ ዙር ወጥቷል። ቫልቩ ውስጥ ያለው ቴፍሎን ወይም የደረቀ ቃጫ አንዴ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ድሮ እንደነበረ አይደፍንም። መሀል ላይ ያለ መጋጠሚያ ብቻውን የማይጠብቀው ለዚህ ነው።

ፈረቃው ሲመጣ ለምን ይብሳል ለሚለው፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ሮቶዎ 4 ሜትር ማማ ላይ ቢሆን፣ ታች ያለው መጋጠሚያ ከሮቶው የሚደርስበት 0.4 ባር ብቻ ነው። የመስመሩ ውሃ፣ በተለይ ሌሊት ሰው ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ፣ የዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ባዶ የነበረ መስመር ሲሞላ ደግሞ ውሃው አየር እየገፋ ነው የሚመጣው፤ አየሩ ሲያልቅ ውሃው ቧንቧውን በኃይል ይመታል፤ የላላ ጥርስ በየፈረቃው ይህን ምት ይቀበላል። ስለዚህ የሠሩትን ሥራ በሮቶ ውሃ ፈትነው «ቆመ» አይበሉ፤ የመስመሩ ውሃ በመጣ ሌሊት ይዩት።

«ትንሽ ጠብታ ናት» ለሚሉ ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛ፣ ከሥሩ የቡና ሲኒ ያስቀምጡ። ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝና በ10 ደቂቃ ቢሞላ፣ ውሃ ባለበት ቀን 10 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ ቆጣሪው ላይም ይመዘገባል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ፈረቃው አልቆ መስመሩ ሲጎድል በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። መጋጠሚያው ጭቃ ውስጥ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ምን እንደሚስብ መገመት አይከብድም። ቆጣሪውና ቫልቩ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ሳጥን ላለባቸው ቤቶች፣ በክረምት ያ ሳጥን ጎርፍ ሲሞላ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው።

መጀመሪያ የት እንደሚያፈስ ይወቁ

ውሃ ብረቱን ተከትሎ ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ካላማዳሪያውንና ቴፍሎኑን ገፍፈው ሁሉንም በጨርቅ ያድርቁ። ከዚያ ሶፍት ቆርጠው አንድ ዙር ብቻ፣ በአራት ቦታ ለየብቻ ይጠምጥሙ፦ በቫልቩ ዘንግ ሥር (እጀታው የሚዞርበት)፣ ቫልቩና ኒፕሉ በሚገናኙበት፣ ኒፕሉና ኤልቦው በሚገናኙበት፣ ኤልቦውና ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ በሚገናኙበት። ውሃውን ከፍተው ይመልከቱ። መጀመሪያ የረጠበው ነው ጥፋተኛው።

የቫልቩ ዘንግ ሥር ያለው ሶፍት ቀድሞ ከረጠበ ዕድለኛ ነዎት፤ ምንም የሚፈታ ነገር የለም። እዚያ ያለችውን ትንሽ ዳዶ አንድ ስምንተኛ ዙር ያጥብቁ፤ ካልቆመ ሌላ አንድ ስምንተኛ። እጀታው ለመዞር እስኪከብድ ድረስ ግን አይሂዱ። ውሃ ከዚያ ወርዶ ኤልቦው ላይ ስለሚንጠለጠል «ኤልቦው ነው» እየተባለ ስንት ደህና መጋጠሚያ ፈርሷል።

ውሃው ከጥርሱ ሳይሆን ከራሱ ከኤልቦው አካል ላብ እየመሰለ የሚወጣ ከሆነ፣ ፊቲንጉ ሲቀለጥ የቀረ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው ወይም ከመጠን በላይ ተጠብቆ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሴቴው አፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይህ በቴፍሎን አይድንም፤ ዕቃው ይቀየራል። ቧንቧው ራሱ ጥርሱ በሚጀምርበት ቦታ ዝጎ ከሆነም እንደዚሁ ነው። ጥርስ ሲወጣ የቧንቧው ግድግዳ ይሳሳል፤ የዚንክ ልባሱም ስለሚላጭ ብረት ቧንቧ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። የጥፍር ጫፍ ወይም ካቻቪቴ ሲነኩት ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍ ከሆነ መፍቻ ሲያሳርፉበት እንደሚሰበር ይጠብቁ፤ ምትክ ሳይገዙ አይንኩት።

ምን ይገዛል

ለዚህ ሥራ፦ አንድ የ3/4 ኤልቦ፣ አንድ የ3/4 ኒፕል፣ አንድ የ3/4 ዩኒየን (መሀሉ ላይ ባለው ዳዶ የሚፈታ ማገናኛ)፣ ሁለት ጥቅል ቴፍሎን፣ ትንሽ ቃጫና የቧንቧ ፓስታ፣ የብረት ብሩሽ፣ የሰጌቶ ምላጭ። መፍቻ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንድ አይበቃም። ባለ 10 ኢንቹ ለ1/2 እና ለ3/4 ይበቃል። እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማርዘም ፊቲንግ መስበሪያ ነው።

ሱቅ ስትደርሱ ልኩን በስሙ ብቻ አትመኑ። 3/4 የሚባለው ቧንቧ ጥርሱ ላይ በውጭ ሲለካ 26.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1/2 የሚባለው 21 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ 1 ኢንቹ 33.2። የ1/2ቱን ቧንቧ በማስመሪያ ለክቶ «ሁለት ሳንቲም ነው» ብሎ 3/4 ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ገበያችን ላይ በብዛት ያለው የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ በ1/2 እና በ3/4 ላይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ፣ በ1 ኢንች ላይ 11። የአሜሪካ ጥርስም በ1/2 እና በ3/4 ላይ 14 ስለሆነ ሲጀምር ይገባል፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 60 ዲግሪ ነው፣ የእንግሊዙ 55። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ የጠበቀም ይመስላል፣ ቴፍሎን ቢደራረብበትም ያፈሳል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ያላችሁ ይህን አስቡ።

ሻጩ ፊት አዲሱን ኒፕል ያለ ቴፍሎን ኤልቦው ውስጥ በእጅ ያስገቡት። ሦስት አራት ጥርስ ገብቶ መንከስ አለበት። እስከ መጨረሻው ያለምንም ትግል ከገባ፣ ወይም ሲያንቀሳቅሱት ከተወዛወዘ፣ ሌላ ይቀይሩልኝ ይበሉ። ጥርሱ የተላጠ ወይም ጫፉ የተቆረሰም አይግዙ። ርካሹና ውዱ ዕቃ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው እንጂ በማብረቅረቁ አይደለም።

መፍታት

ውሃው በሌለበት ቀን ይሥሩ። የቆጣሪውን መዝጊያና ጌት ቫልቩን ይዝጉ፣ የሮቶውን መውጫም ይዝጉ፣ የግቢውን ቧንቧ ከፍተው መስመሩን ያራግፉ። ፓምፕና የውሃ ማሞቂያ ካለ ከማብሪያው ያጥፉ። በአንዳንድ አሮጌ ቤት የብረት ቧንቧውን ለመሬት ሽቦ ተጠቅመውበታል፤ ቧንቧውን ከመቁረጥዎ በፊት በቴስተር ካቻቪቴ ነክተው ኤሌክትሪክ እንደሌለበት ያረጋግጡ። ቆጣሪውን፣ ማኅተሙንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን አይንኩ፤ እዚያ የሚያፈስ ከሆነ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ያመልክቱ።

አሁን ችግሩ፦ ኤልቦው በሁለት በኩል ተይዟል፤ አንዱን ለመፍታት ሌላውን ማዞር ግድ ነው። በመስመሩ ላይ ዩኒየን ካለ ከእሱ ይጀመራል፤ ካለ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። ከሌለ ግን ወደ ላይ የሚወጣውን ቧንቧ ከኤልቦው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው በሰጌቶ ይቁረጡት። ከመቁረጥዎ በፊት የላይኛውን ክፍል በገመድ ከማማው ጋር ይሰሩት፤ አለዚያ ክብደቱ ሁሉ የሮቶው መግቢያ ላይ ይወድቃል፤ ያ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱም ቁራጭ አንድ ጫፋቸው ነፃ ስለሆነ ዞረው ይፈታሉ። ሁለቱንም ይዘው ጥርስ የሚያወጣ ቤት ይሂዱና የተቆረጡት ጫፎች ላይ ጥርስ ይውጣላቸው፤ መሀል ላይ ዩኒየን ይገባል።

እዚህ ላይ ስሌት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱን ዘሎ ነው። ዩኒየኑን መጀመሪያ ገዝተው ገጥመው ርዝመቱን ይለኩ። በ3/4 ላይ ቧንቧው በእያንዳንዱ ጫፍ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል። ዩኒየኑ 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሁለቱ የቧንቧ ጫፎች መካከል መኖር ያለበት ክፍተት 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ከአንዱ ቁራጭ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡ። ይህን የረሳ ሰው መስመሩ ረዝሞበት ቧንቧውን አጣምሞ ያስገባዋል፤ በግድ የተጣመመ ቧንቧ ደግሞ ቀንና ሌሊት ጥርሱን እየጎተተ ከጥቂት ወር በኋላ ያፈሳል።

ሲፈታ አንዱ መፍቻ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። ኒፕሉን ከቫልቩ ሲያወጡ ቫልቩን የሚይዙት ኒፕሉ በገባበት በኩል ካለው ባለ ስድስት ጎን ላይ ነው። በወዲያኛው በኩል ከያዙት የቫልቩ አካል ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ሲዘጋ አይዘጋም። የቧንቧ መፍቻ የሚነክሰው ወደ አፉ ክፍት በኩል ሲሳብ ብቻ ነው፤ እየተንሸራተተ ቧንቧውን የሚልጥ ከሆነ ገልብጠው ይያዙት።

አልፈታ ካለ ዝገት ማስለቀቂያ ረጭተው ይተዉት፤ ጠዋት ረጭቶ ከሰዓት መመለስ ከትግል ይሻላል። ብዙዎች ናፍጣ ይጠቀማሉ፤ ይሠራል፤ ግን ይህ የሚጠጣ ውሃ መስመር ስለሆነ ከዚያ በኋላ በደንብ ተጠርጎ መስመሩ መታጠብ አለበት። ፊቲንጉን ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ዝገቱን ይሰነጥቃል። ትንሽ ወደ መጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፈታት እያሉ ማወዛወዝም ይረዳል። በእሳት ማሞቅ የሚሠራው ቫልቩ ተፈትቶ ሲወጣና በአጠገቡ ፕላስቲክ ከሌለ ብቻ ነው፤ የቫልቩን የውስጥ ማሸጊያ እሳቱ ይበላዋል።

ማሰር

አሮጌውን ቴፍሎንና ቃጫ ከሁለቱም በኩል ጨርሰው ያውጡ። ሴቴው ጥርስ ውስጥ የቀረች የቴፍሎን ክር አዲሱን እየገፋች ታወጣዋለች፤ «ሁለት ጊዜ ቀየርኩት» የሚባለው ቴፍሎን ብዙ ጊዜ በአሮጌው ላይ የተደረበ ነው። በብረት ብሩሽ ያጽዱ፣ ያድርቁ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። አንዲት የተጎዳች ጥርስ አትጎዳም፤ ከሁለት በላይ ከተላጡ ኒፕሉ ይጣል።

ቴፍሎን ሲጠቀለል የጥርሱን አፍ ወደ እርስዎ አዙረው ወደ ቀኝ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከሆነ ሲገባ ይተረተራል። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ይተዉ፤ ቴፍሎን ከአፉ አልፎ ከተንጠለጠለ ቁራጩ ተበጥሶ የሮቶውን ፍሎተር (ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ) ወይም የቧንቧውን ማጣሪያ ይዘጋል። ከሁለተኛዋ ጥርስ ጀምረው እየጎተቱ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረቡ ይሂዱ። በጥርሱ ቅርጽ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይወጠር፤ የጥርሱ ጉብታ ከሥሩ መታየት አለበት። ሱቅ ላይ ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቴፍሎን አብዛኛው ስስ ነው፤ ለ1/2 ከ6 እስከ 8 ዙር፣ ለ3/4 ከ8 እስከ 10 ዙር ያስፈልገዋል። ሴቴው ልል የሆነ ዕቃ ከሆነ እስከ 15 ይሄዳል። በ3/4 ላይ አንድ ዙር ከ8 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ 10 ዙር ማለት 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለ 10 ሜትር ጥቅል አሥር ያህል መጋጠሚያ ያስራል፤ ስለዚህ ሦስት ዙር ጠቅልሎ ቴፍሎን መቆጠብ ትርፉ ምን እንደሆነ አይገባኝም።

ዙሩ መብቃቱን እጅዎ ይነግርዎታል። በእጅ ሦስት አራት ጥርስ ገብቶ ይጠብቅና ከዚያ መፍቻ ይፈልጋል። በእጅ እስከ ሥሩ ከገባ ቴፍሎኑ አንሷል፤ ያውጡትና ከአዲስ ይጠቅልሉ። ምንም ጥርስ ሳይገባ ከተገፈፈ በዝቷል።

በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ አንድ ዙር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዙር። ከውጭ ሁለት ሦስት ጥርስ መታየቱ ጤናማ ነው፤ ጥርሱ ሾጣጣ ስለሆነ ሁሉም እንዲገባ መታገል ሴቴውን መሰንጠቅ ነው። ኤልቦው ወደሚፈለገው አቅጣጫ መቆም ስላለበት፣ አንድ ዙር ካለፈ በኋላ ቀስ ብለው እየሄዱ አቅጣጫው ሲደርስ ያቁሙ። ካለፈዎት ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ቴፍሎን አንዲት ጣት ታህል ወደ ኋላ ከተመለሰ ያፈሳል። ወይ ወደፊት አንድ ሙሉ ዙር ይቀጥላል (የሚችል ከሆነ)፣ ወይ ተፈትቶ ከአዲስ ይታሰራል።

ቃጫ በዚህ በኩል ይቅር ባይ ነው። በፓስታ የታሰረ ቃጫ እስከ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢመለስም ይይዛል፤ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ትንሽ ማዣትን በራሱ ይዘጋል። ጥርሱ ዝገት የበላውና ጎድጎድ ያለ አሮጌ ብረት ቧንቧ ላይ እኔ ከቴፍሎን ቃጫን እመርጣለሁ፤ አዲስ የነሐስ ዕቃ ላይ ደግሞ ቴፍሎንን። አሠራሩ፣ ጥርሱን በሰጌቶ ምላጭ አቋርጠው ጫር ጫር ያድርጉት፤ አለዚያ ቃጫው ይንሸራተታል። ከስክሪፕቶ ቀፎ የቀጠነ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቃጫ አበጥረው፣ ጥርሱን ተከትለው ወደ ቀኝ ይጠቅልሉ፤ ፓስታውን ከላይ ይቀቡ፣ የተንጠለጠለውን ይቁረጡ። ሲጠብቅ ከጥርሱ ውጭ የሚገፋ ቃጫ ብዙ ከሆነ አብዝተዋል።

በፓስታ ፋንታ የዘይት ቀለም መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ይይዛል፤ ግን ሲደርቅ ድንጋይ ስለሚሆን ቀጣዩ ሰው ሳይሰብር አይፈታውም። ቀዩ የዝገት መከላከያ ቀለም ግን፣ በተለይ የድሮው ዓይነት፣ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የሚጠጣ ውሃ መስመር ላይ ቦታ የለውም።

ዩኒየኑን በተመለከተ፣ ቴፍሎን የሚገባው ቧንቧው በሚገባባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ነው። መሀል ያለው ትልቁ ዳዶ ጥርስ ላይ አይጠቀለልም። እዚያ የሚያሽገው ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ መጋጠማቸው ወይም መሀላቸው ያለው ጎማ ነው፤ ቴፍሎን ዳዶውን ቶሎ ስለሚያጠብቀው ፊቶቹ ሳይገናኙ የጠበቀ ያስመስለዋል። ፊቶቹን በጨርቅ ጠርገው፣ ቧንቧዎቹ ቀጥታ ተያይተው፣ በእጅ ዳዶውን አስገብተው ከዚያ በሁለት መፍቻ ይጥበቅ። የቆጣሪ ማገናኛዎችና የሻወር ቱቦም እንዲሁ ናቸው፤ ሲያፈሱ የሚቀየረው ጎማው ነው።

ውሃ ሲለቁ ቫልቩን ሩብ ብቻ ከፍተው፣ የግቢውን ቧንቧ ክፍት አድርገው አየሩ ይውጣ። የመጀመሪያውን ባልዲ ለጽዳት ያድርጉት። ከዚያ ዘግተው፣ ሶፍቱን እንደገና ጠምጥመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በቃጫ የታሰረው ትንሽ ቢያዥ አንድ ቀን ይስጡት። በቴፍሎን የታሰረው ካዣ በጊዜ ብዛት አይድንም፤ ይፈታ።

ዛሬ ማታ ውሃ ሊመጣ ነው፣ ኤልቦውም አልተሠራም እንበል። ጌት ቫልቩን ዘግተው ማደር ይሻላል፤ ሮቶው አንድ ፈረቃ ይለፈው። ካላማዳሪያ የሚሠራው ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ ለወጣች ቀዳዳ ነው፦ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እየተወጠረ፣ ከቀዳዳዋ 5 ሳንቲ ሜትር ወዲህና ወዲያ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ክላምፕ ይታሰራል። ኤልቦ ላይ ግን ጎማው ከማዕዘኑ ጋር ስለማይገጥም ውሃው ሁልጊዜ ሥር ሥሩን ያገኛል።

ፕላስቲክ ከሆነ ነገሩ ይለያል

አዳዲስ ግንባታዎች ላይ የሚበየደው ፒፒአር ቧንቧ ሆኖ፣ ጥርሱ ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ ነሐስ ላይ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው በጥርሱና በነሐሱ መካከል ይሁን ወይም በነሐሱና በፕላስቲኩ መካከል ይመልከቱ። ሁለተኛው ከሆነ ሰው ከመጠን በላይ አጥብቆት ነሐሱ ከፕላስቲኩ ተላቋል። ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። መበየጃው 260 ዲግሪ ይሞቃል፤ 20 ሚሊ ሜትሩ (የ1/2 ምትክ) 5 ሰከንድ፣ 25ቱ (የ3/4 ምትክ) 7 ሰከንድ፣ 32ቱ 8 ሰከንድ። ቧንቧው ውስጥ ጠብታ ውሃ ካለ እንፋሎቱ ብየዳውን ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የቧንቧው ጫፍ ፍጹም ደረቅ ይሁን። የፕላስቲክ ሴቴ ጥርስ፣ የሮቶው መውጫን ጨምሮ፣ ቃጫ አይገባበትም፤ ሲያብጥ ይሰነጥቀዋል። እዚያ ቴፍሎን፣ ከዚያ በእጅ ማጥበቅ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። ከሥሩ የሚንጠለጠለውን ቧንቧ ክብደት ግድግዳው ላይ በክላምፕ ያሳርፉት።

ከመሬት ውስጥ ታንከር የሚስብ ፓምፕ ላላቸው፦ ከፓምፑ በፊት ያለ የላላ ጥርስ ውሃ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። ምልክቱ ፓምፑ እየጮኸ ውሃ አለመስጠቱ፣ ወይም በየጠዋቱ ውሃ ካልተሞላበት አለመነሳቱ ነው። እዚያ በኩል ያሉትን መጋጠሚያዎች ደረቅ ናቸው ብለው አይለፏቸው። የሳሙና አረፋ ቀብተው ፓምፑ ሲሠራ አረፋው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድበትን ይፈልጉ።

ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላም ውሃ በመጣ ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ፍሎተሩ ሲዘጋ፣ የቤቱንም ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፤ በ30 ደቂቃ ይመለሱ። ትንሿ ቀይ እጅ ወይም ኮከቧ ከተንቀሳቀሰች፣ ፍሎተሩ ጨርሶ አልዘጋም ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረ ሌላ መጋጠሚያ አለ። የሮቶው ትርፍ ማስወገጃ ደረቅ ከሆነ ፍለጋው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ያኔ ግቢውን ከመቆፈር በፊት መስመሩን በየክፍሉ ዘግቶ የሚፈትን ባለሙያ ይጥሩ።